የዊትወርዝ ጥርስ፦ 55 ዲግሪን የወሰነው የትኛው ተቋም ነው?

ጥያቄ
የአሜሪካ ዳዶ የእንግሊዝ ግማሽ ኢንች ብሎን ላይ ሁለት ዙር ያህል ሄዶ ይነክሳል። ሩብ ኢንቹ ግን እስከ መጨረሻው ይገባል። ለምን? የእንግሊዙን ልክ (ዊትወርዝ የሚባለውን፣ የጥርሱ ማዕዘን 55 ዲግሪ የሆነውን) ያወጣው የመካኒካል መሐንዲሶች ተቋም ነው የሚባለውስ እውነት ነው?

መልስ 1
ከተቋሙ ልጀምር፤ አይደለም። እንግሊዛዊው መሐንዲስ ጆሴፍ ዊትወርዝ ስለ ብሎን ልክ ጽሑፉን ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1841 ሲሆን የመካኒካሉ ተቋም በበርሚንግሃም የተመሠረተው በ1847 ነው። መድረኩ የሲቪል መሐንዲሶች ተቋም ነበር፤ በ1818 ለንደን ውስጥ፣ ፍሊት ስትሪት ላይ ባለ ቡና ቤት የተቋቋመው። ያኔ «ሲቪል» ሲባል ወታደራዊ ያልሆነውን ምህንድስና ሁሉ ያጠቃልል ነበር፤ ስለ ብሎን እዚያ መነጋገሩ አይገርምም። ዊትወርዝ በኋላ፣ በ1856፣ የመካኒካሉ ፕሬዚዳንት ሆኗል፤ መምታታቱ ከዚያ ሳይመጣ አይቀርም።

«ወሰነ» የሚለውም ይከብዳል። ተቋሙ ጽሑፍ ያስነብባል፣ ያከራክራል፣ ያሳትማል፤ ማንንም አያስገድድም። 55 ዲግሪም በስሌት የተገኘ አይደለም፦ ዊትወርዝ ከእንግሊዝ ትላልቅ ወርክሾፖች ብሎን ሰብስቦ ለክቶ አማካዩን ነው የወሰደው።

መልስ 2
የመንከሱ ምክንያት ይኸው፦ ግማሽ ኢንች ላይ ዊትወርዝ በአንድ ኢንች 12 ጥርስ አለው፣ የአሜሪካው 13። ሩብ ኢንች ላይ ሁለቱም 20፣ አንድ ኢንች ላይ ሁለቱም 8 ናቸው።

አደገኛው እንዲያውም የሚገባው ነው። የዊትወርዝ ጥርስ 55 ዲግሪ ሆኖ ጫፉም ሥሩም ክብ ነው፤ የአሜሪካው 60 ዲግሪ ነው። ጎንና ጎናቸው ሙሉ ስለማይነካካ ጭነቱ ቀጭን መስመር ላይ ያርፋል፤ ንዝረት ካለ ይላላል፣ አጥብቀው ካሰሩት ጥርሱ ይላጫል። የጥርስ መለኪያውን ብሎኑ ላይ አስቀምጣችሁ ወደ ብርሃን አንሱት፤ በጎኑ ብርሃን ካሳለፈ ማዕዘኑ ሌላ ነው።

የቺያቬውም ቁጥር ያሳስታል፦ የዊትወርዝ ቺያቬ ላይ 1/2 ማለት የብሎኑ ውፍረት ነው፤ ቺያቬው የሚይዘው የብሎኑ ራስ ስፋት ግን 0.92 ኢንች ነው።

መልስ 3
አሜሪካኖቹ የተለዩት በ1864 ነው። የማሽን አምራቹ ዊልያም ሴለርስ ፊላደልፊያ በሚገኘው ፍራንክሊን ኢንስቲትዩት የራሱን ልክ አቀረበ። ክርክሩ የወርክሾፕ ሰው ክርክር ነው፦ 55 ዲግሪ ለመለካት ያስቸግራል፣ ክብ ጫፍና ሥር ለማውጣት ደግሞ ሦስት ዓይነት መቁረጫና ሁለት ዓይነት ቶርኖ ይጠይቃል። 60 ዲግሪ ጠፍጣፋ ጫፍ ያለው ግን በአንድ መቁረጫና በአንድ ቶርኖ ያልቃል። በ1948 እንግሊዝ፣ አሜሪካና ካናዳ በአንድ የጋራ የብሎን ልክ ሲስማሙም የተያዘው 60ው ነው።