የጤፍ እንጀራ እየተበላ ምርመራው አልስተካከል ያለ ሴሊያክ፦ ግሉተኑ ከየት ነው የሚገባው?

ሰርገኛ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የምጠይቀው ሴሊያክ፣ ማለትም ግሉተን የሚባለው የስንዴና የገብስ ፕሮቲን አንጀትን የሚጎዳበት በሽታ፣ እንዳለበት በምርመራ ለተረጋገጠ ሰው ነው፤ ያለነው አሜሪካ ነው። ዳቦና ፓስታ ከቆመ 8 ወር ሆኗል። የሚበላው እንጀራ፣ ሽሮ፣ ምስርና ሥጋ ነው። ቲቲጂ አይጂኤ የሚባለው፣ የሴሊያክን ፀረ እንግዳ አካል የሚለካው የደም ምርመራ ቀነሰ እንጂ ወደ ጤነኛው ልክ አልወረደም፤ ሆድ መንፋቱም አልተወም። እንጀራው ከሐበሻ ሱቅ ነው፣ «ጤፍ ነው» ይላሉ። ጤፍ ግሉተን ከሌለው ከየት ነው የሚገባው? ቤት ልጋግርም ብዬ ነበር፣ ጤፍ ብቻ ሳደርገው ዐይን አላወጣ አለኝ።

ሚዛን፦
የመልሱ ግማሽ «ጤፍ ነው ይላሉ» ያሉት ላይ አለ። በሱቅ ቋንቋ የጤፍ እንጀራ ማለት ጤፍ ያለበት እንጀራ ነው። ውጭ አገር የሚጋገረው እንጀራ ውስጥ ገብስ፣ የስንዴ ዱቄት ወይም ሰልፍ ራይዚንግ የሚባለው ዱቄት ብዙ ጊዜ ይገባል፤ የመጨረሻውም ቢሆን ቤኪንግ ፓውደር የተቀላቀለበት ስንዴ ነው። ተንኮል ላይሆን ይችላል። ጤፍ ውድ ነው፤ ስንዴ ደግሞ ሊጡን ያያይዘዋል፣ እንጀራውም በማግስቱ አይሰባበርም።

በቁጥር እንየው። ሴሊያክ ያለበት ሰው በቀን እስከ 10 ሚሊ ግራም ግሉተን ቢገባበት አብዛኛውን ጊዜ አንጀቱ አይጎዳም፤ 50 ሚሊ ግራም በየቀኑ ከገባ ግን ይጎዳል። 1 ግራም የስንዴ ዱቄት ውስጥ ከ80 እስከ 100 ሚሊ ግራም ግሉተን አለ። አሁን ገብስ 10 በመቶ ብቻ የተጨመረበት እንጀራ ያስቡ። 3 እንጀራ ከ300 ግራም በላይ ዱቄት ይወስዳል፤ 30 ግራሙ ገብስ ነው፤ ከዚያ የሚገኘው ግሉተን ከ1 ግራም አያንስም። ከሚችለው 100 እጥፍ ማለት ነው።

«ሦስት ቀን ቦክቶ የለ እንዴ፣ ይጠፋል» የሚሉ አሉ። አይጠፋም። መቡካቱ ጥቂቱን ይሰብረዋል፣ ለሴሊያክ በሚበቃ ልክ ግን አይደለም። የምጣድ እሳትም አያጠፋውም።

ታሽጎ የሚሸጥ ሲገዙ አንድ ወጥመድ አለ። የ2004ቱ የአሜሪካ የአለርጂ መለያ ሕግ ስንዴ ተለይቶ እንዲጻፍ ያስገድዳል፣ ገብስን ግን በዚያ ዝርዝር ውስጥ አላስገባም። ስለዚህ ግርጌው ላይ «ስንዴ አለው» የሚል ስለሌለ ብቻ አይመኑ። የግብዓቱን ዝርዝር ሙሉ ያንብቡ፤ ባርሊ (ገብስ) ወይም ሞልት (ብቅል) የሚል ካለ ወደ መደርደሪያው ይመልሱት። አውሮፓ ኅብረት ውስጥ ላላችሁ፣ እዚያ ግሉተን ያላቸው እህሎች ሁሉ መጻፍ አለባቸው። «ግሉተን ፍሪ» የሚለው ጽሑፍ በሁለቱም ዘንድ ልኩ በኪሎ 20 ሚሊ ግራም ነው። በላስቲክ ታስሮ ምንም ያልተጻፈበት እንጀራ ግን፣ ሻጭዋ አክስትዎ ቢሆኑም፣ ለዚህ ሰው አይሆንም።

ምርመራው መቀነሱ ራሱ ጥሩ ነው። ጤነኛው ልክ ለመድረስ ከ1 ዓመት በላይ የሚወስድበት ሰው አለ። ሽቅብ ከተመለሰ ወይም ባለበት ከቆመ ግን ከሐኪሙ ጋር የሚበላውን አንድ በአንድ መመርመር ነው።

አክንባሎ፦
እህቴ፣ ሚዛን ያሉት ልክ ነው፤ ቤት ለመጋገር ካሰብሽ ግን ከወፍጮው ጀምሪ። በኪሎ 20 ሚሊ ግራም ማለት ሩብ ግራም የስንዴ ዱቄት ነው፤ በሁለት ጣት የምትቆነጥሪው። አገር ቤት ወፍጮ ቤት የተፈጨ ጤፍ ከሆነ፣ ከፊቱ የነበረው ሰው ስንዴ ወይም የበሶ ገብስ አስፈጭቶ ሊሆን ይችላል፤ ድንጋዩና መውረጃው ላይ የሚቀረው ደግሞ ከቁንጥር ይበልጣል። ከእናት የሚላከው ሽሮና በርበሬም በዚያው ወፍጮ ነው የሚያልፈው። ሰው የሚረሳው እሱን ነው፤ እንጀራው ተጠንቅቆ ሽሮው ያበላሸዋል።

ሁለት መንገድ አለ። አንዱ «ግሉተን ፍሪ» ተብሎ የታሸገ የጤፍ ዱቄት መግዛት ነው። ሌላው ጤፉን በጥሬው ገዝቶ ቤት መፍጨት። ጤፍ ውፍረቱ ከ1 ሚሊ ሜትር ገደማ የማይበልጥ ፍሬ ስለሆነ፣ በጠባብ ወንፊት ሲነፋ ስንዴውም ገብሱም ላይ ይቀራል፤ ይህ ሌላ እህል የሌለው ዕድል ነው። የተሰበረው ፍሬና ብናኙ ግን አብሮ ስለሚያልፍ ከነፉት በኋላ በጥሩ ሁኔታ ማጠብና ማድረቅ ያስፈልጋል። ያም ሆኖ ዋስትና አይደለም፤ ምርመራው እስኪስተካከል የታሸገውን ብትጠቀሚ ይሻላል። የቡና መፍጫ ይፈጨዋል፤ ለጤፍ ብቻ የተለየ ይሁን።

እርሾ ከጎረቤት አትውሰጂ። የእነሱ ሊጥ ገብስ ካለበት እርሾውም አለበት። ጤፍ የራሱን እርሾ ይዞ ነው የሚመጣው፦ ግማሽ ብርጭቆ ዱቄት በግማሽ ብርጭቆ ውኃ በጥብጠሽ፣ ከድነሽ፣ በየቀኑ 2 ማንኪያ ዱቄትና ትንሽ ውኃ እየጨመርሽ ከ4 እስከ 5 ቀን አቆዪው። ሲኮመጥጥና አረፋ ሲያወጣ ደርሷል።

ለ1 ኪሎ ዱቄት አንድ ሲኒ እርሾና 1 ሊትር ያህል ለብ ያለ ውኃ ይበቃል። መጀመሪያ በጥቂት ውኃ ጠንከር አድርገሽ እሺው፣ እብጠት እንዳይቀር፤ ከዚያ አቅጥኚው። ቤቱ ሞቅ ካለ 2 ቀን፣ ቀዝቀዝ ካለ 3 ቀን። ላዩ ላይ ካቀረረው ውኃ ጥቂት ቀድተሽ ለሚቀጥለው እርሾ አስቀምጪ፣ የቀረውን ውኃ ድፊው።

አሁን ዐይን አላወጣም ያልሽው። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ አብሲቱ ላይ ነው። ጤፍ ሊጡን የሚያያይዝ ግሉተን ስለሌለው አረፋውን ይዞ የሚያቆመው የበሰለው አብሲት ነው። ከሊጡ አንድ ብርጭቆ ወስደሽ በ2 ብርጭቆ የፈላ ውኃ ላይ እያማሰልሽ አፍዪው፣ እስኪወፍር። ከዚያ ለብ እስኪል ጠብቂ! ትኩሱን ከመለስሽው እርሾው ይሞታል፣ ሊጡ ተኝቶ ይቀራል። ከመለስሽው በኋላ ከ1 እስከ 2 ሰዓት ኩፍ ይላል። ኩፍ ብሎ ገና መውረድ ሲጀምር ነው የሚጋገረው። ጨርሶ ከወደቀ አልፎበታል፤ 2 ማንኪያ ዱቄት ጨምረሽ እንደገና ጠብቂው።

ምጣዱ ከ200 እስከ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይሁን። ከዚያ ከበለጠ ላዩ ሳይበስል ታቹ ያርራል፣ ዐይኑም ይደፈናል። ካነሰ ይጣበቃል። አፍስሰሽ ወዲያው አትክደኚ፤ ዐይኑ ሁሉ ሲከፈት ክደኚና ጠርዙ ሲነሣ አውጪ፣ በጠቅላላው ከ2 እስከ 3 ደቂቃ ነው። በማግስቱ የሚሰነጠቅ ከሆነ አብሲቱ አንሷል ወይም ትኩስ በትኩሱ ተደራርቧል ማለት ነው። ካልሆነልሽ ከዱቄቱ 20 በመቶውን ግሉተን ፍሪ የሩዝ ወይም የማሽላ ዱቄት አድርጊው፤ ሰልፍ ራይዚንግ ግን በጭራሽ።

ሰርገኛ፦
ለካ አብሲቱን ትኩሱን ነበር የምመልሰው! እግዜር ይስጥልኝ። የድሮ የሸክላ ምጣድ አለኝ፣ ገብስ የገባበት ሊጥ ሲጋገርበት የኖረ። በደንብ ቢታጠብ ይሆናል? ግብዣ ቤት ስንሄድስ?

አክንባሎ፦
ሸክላው አይሆንም፣ ቀዳዳ ስላለው ይመጠዋል። ማሰሻውም፣ ሰፌዱም፣ መሶቡም፣ የእንጨት ማማሰያውም እንደዚሁ፤ ለንጹሑ ሌላ ያስፈልጋል። ብረት ድስት፣ ጠርሙስና ያልተጫረ የኤሌክትሪክ ምጣድ በሙቅ ውኃና በሳሙና ከታጠበ ይበቃል። በአንድ ቀን ሁለቱን የምትጋግሪ ከሆነ መጀመሪያ ንጹሑን ጋግሪ።

ግብዣ ላይ ከባዱ ምግቡ አይደለም፣ ገበታው ነው። አንድ ትሪ ላይ ሌላው ሰው በድብልቅ እንጀራ እየጠቀሰ ወጡን ይነካል፣ ከዚያ ደግሞ ጉርሻ ይመጣል። የራሱን እንጀራ ይዞ ሄዶ፣ ወጡ ከድስቱ ገና ሰው ሳይነካው በተለየ ሳህን ይቀዳለት። ጉርሻውን ከቤት በመጣው እንጀራ ራሱ ለሌላው ይስጥ፤ እንቢ ከማለት ይቀላል። ጸበል ጻድቅ ላይ ዳቦው ከእንጀራው ጋር በአንድ ሰፌድ ስለሚቀርብ ፍርፋሪው ይደርሳል። የቁርባኑ ኅብስትም ስንዴ ነው፤ እሱን ቀድሞ ከንስሐ አባቱና ከሐኪሙ ጋር መነጋገር ነው።

ጦስኝ፦
እንጀራው ንጹሕ ሆኖም ሆዱ ከነፋ ደግሞ ወጡን እዩት። ቀይና ነጭ ሽንኩርት ፍሩክታን የሚባል ስኳር አላቸው፤ ትንሹ አንጀት አይፈጨውም፣ ወደ ትልቁ አንጀት ሲደርስ ባክቴሪያዎች አቡክተው ጋዝ ያደርጉታል። ስንዴም ውስጥ አለ። ሴሊያክ የሌላቸው፣ «ስንዴ አይስማማኝም» የሚሉ ብዙ ሰዎች የሚያስቸግራቸው ግሉተኑ ሳይሆን ይህ ነው። የእኛ ቁሌት ደግሞ አንድ ድስት ወጥ ላይ ከግማሽ ኪሎ በላይ ሽንኩርት ያቀልጣል! ይህ አንጀትን አያቆስልም፣ ምርመራውንም ከፍ አያደርግም። ስለዚህ ሁለቱን አታምታቱ፤ ምርመራው ካልወረደ ግሉተን ፈልጉ፣ ምርመራው ወርዶ ንፋቱ ግን አልተው ካለ ሽንኩርት ፈልጉ።

ፍሩክታን ውኃ ውስጥ ይሟሟል፣ ዘይት ውስጥ አይሟሟም። ስለዚህ ነጭ ሽንኩርት በዘይት ለብ አድርጎ ፍሬውን አውጥቶ መጣል ይቻላል፣ ጣዕሙ ዘይቱ ላይ ይቀራል። ያ ዘይት ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጥና በጥቂት ቀን ውስጥ ይለቅ፤ ውጭ ከዋለ ቦቱሊዝም የሚባለውን በሽታ የሚያመጣ መርዝ ሊፈጠርበት ይችላል። በቀይ ሽንኩርት ፈንታ የባሮ ሽንኩርት አረንጓዴ ቅጠሉን መክተፍ ነው። ወጡ እንደ ድሮው አይወፍርም፤ የተፈገፈገ ካሮት አብራችሁ አብስሉ። በርበሬው ራሱ ነጭ ሽንኩርት ተደልዞበት የተዘጋጀ ስለሆነ ለሙከራው ጊዜ ሚጥሚጣ ይሻላል። ከ2 እስከ 6 ሳምንት ሞክራችሁ አንዱን ብቻ መልሱ፣ 3 ቀን እዩት፣ ከዚያ ሌላውን። ሁሉንም ባንዴ ከመለሳችሁ ምንም አታውቁም።

ሽሮም ሆድ የሚነፋ ስኳር አለው፤ ደርቆ ስለሚፈጭ ሁሉም እዚያው ይቀራል። ምስር ግን ተቀቅሎ ውኃው ሲደፋ ይቀልላል።

ወተትም አንድ ነገር ነው። ላክቶስ የሚባለውን የወተት ስኳር የሚፈጨው ኢንዛይም የሚቀመጠው ሴሊያክ በሚጎዳው የአንጀት ሽፋን ጫፍ ላይ ነው፤ ስለዚህ መጀመሪያ ወራት ማኪያቶ የሚያስቸግረው ሰው በኋላ ሊሻለው ይችላል። ንጥር ቅቤ ችግር የለውም፣ እርጎና አይብ ከወተት ይሻላሉ።

አዲስገቢ፦
እኔም እንጀራም ዳቦም ስበላ ይነፋኛል። ስንዴ አቁሜ ልየው?

ሚዛን፦
ከምርመራው በፊት አያቁሙ። ግሉተን ካቆሙ ፀረ እንግዳ አካሉ ይወርድና ምርመራው በሽታውን ያጣዋል። ካቆሙ ቆይተው ከሆነ ቢያንስ 6 ሳምንት፣ በየቀኑ ከአንድ ማዕድ በላይ ግሉተን ያለበት መብላት ያስፈልጋል። ሲመረመሩ ቲቲጂ አይጂኤ ከጠቅላላው አይጂኤ ጋር አብሮ ይታዘዝልዎ፤ አይጂኤ የሚባለው ፀረ እንግዳ አካል በተፈጥሮው የሚጎድለው ሰው ምርመራው ውሸት ነጻ ያሳየዋል። ሰርገኛም ልብ ይበሉ፣ የሕመምተኛው ወላጆች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ ልጆችም መመርመር አለባቸው፤ ከእነሱ ከ10ሩ 1 ገደማ ያገኘዋል።

ሰርጓሜ፦
አንድ የስም ጉዳይ ልጨምር። «አጃ» ስትገዙ ተጠንቀቁ። ሱቅ ውስጥ አጃ የሚባለው ለሾርባና ለአጥሚት የሚሆነው የፈረንጁ ኦትስ ነው፤ እሱ በባሕርዩ ግሉተን የለውም፣ ግን ከስንዴና ከገብስ ጋር ስለሚደባለቅ «ግሉተን ፍሪ» የሚለው ካልተጻፈበት አይበላም። አገር ቤት ግን አጃ የሚባል የስንዴ ዘመድ አለ፣ ለቂንጬና ለገንፎ የሚሆነው፤ እሱ ግሉተን አለው። ከአገር ቤት «የአጃ ቂንጬ ላኩልኝ» ካላችሁ የሚመጣው የትኛው እንደሆነ ጠይቁ።

መጠጥ ላይ ጠላና ሻሜታ ገብስ ነው፣ ብቅሉም አለ። ጠጅ ማር፣ ውኃና ጌሾ ብቻ ከሆነ ይጠጣል። አረቄ ሲወጣ ግሉተኑ እቃው ውስጥ ይቀራል፣ በእንፋሎቱ አይሄድም። ቆጮና ቡላ ንጹሕ ናቸው፤ ክትፎ ቤት እንጀራውን ትታችሁ ቆጮ ማዘዝ ይቻላል፣ ቢላዋው ዳቦ ያልቆረጠ ከሆነ።

ሰርገኛ፦
ቂንጬው! ባለፈው ወር ነው ከአገር ቤት የመጣው፣ «አጃ ነው» ተብሎ። ከዛሬ ጀምሮ ከቤት ይወጣል። ሽሮውንም ቀይሬ ምርመራው መቼ ቢደገም ጥሩ ነው?

ሚዛን፦
ከ3 ወር በፊት አይቸኩሉ፣ ቶሎ አይወርድም። በዚያው ደም ብረት፣ ፎሌት፣ ቢ12 እና ቫይታሚን ዲም ይታይ።