ጥርስ ለሚያበቅሉ ልጆች ሐዋሳ ላይ ምን ይሻላል?

ልጄ ጥርስ ልታበቅል መሆኑን ያወቅኩት የነጠላዬን ጥለት ስታኝክ አይቼ ነው። ሰባት ወሯ ነበር። ለሃጯ አያባራም፣ ስትጠባ ትነክሰኛለች፣ ሌሊት ደግሞ እንቅልፍ የለም። ያኔ ከሱፐርማርኬት እስከ ገበያ ያልሞከርኩት የለም። አሁን ሁለተኛው ልጄም እዚያው ዕድሜ ላይ ደርሷል፤ የተሻለኝን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ የገዛሁት የታሸገ የሕፃናት ብስኩት ነው። ለመንገድ ይመቻል። ግን ጀርባውን አንብቡት፤ የኔው ላይ ስኳር ሁለተኛ ተጽፎ ነበር። በዚያ ላይ ተሰብሮ አንዱ ቁራጭ ትን አላት። ከዚያ ወዲህ አልገዛሁም።

ከሁሉም የማስቀድመው ብርቱካናማውን ስኳር ድንች ነው። ሐዋሳ ለሚኖር ሰው ሩቅ አይደለም፣ ሲዳማ ውስጥ ይመረታል። ነጩም ይጠቅማል፤ ብርቱካናማው ግን ሰውነት ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለውጠው ቤታ ካሮቲን አለው። ስትገዙ በእጃችሁ ጨበጥ አድርጉት፣ ጠንካራ ይሁን። ቀዳዳ ቀዳዳ ያለውን ተዉት፣ ነቀዝ ገብቶበታል፣ ይመርራል። ከነልጣጩ ቀቅሉት፣ ላጡት፣ በአዋቂ ጣት ልክ ቁረጡት። በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ስትጫኑት ድቅቅ ካላለ ገና አልበሰለም። ከዚያ ፍሪጅ አስገቡት። ቀዝቃዛው ድዷን ሲነካት ልጄ ዝም ትል ነበር፤ ዓይኗን ጨፍና ትመጠምጠዋለች።

ብስኩት ይሁን ካላችሁ ደግሞ እቤት ይሠራል። አንድ የበሰለ ሙዝ አድቅቁ፣ ሊጡ እስኪያያዝ የአጃ ዱቄት ጨምሩ፣ አንድ ማንኪያ ለጋ ቅቤ። ጣት አስመስላችሁ በ180 ዲግሪ 20 ደቂቃ ያህል ጋግሩት። ኦቭን ከሌለ ምጣድ ላይ በቀስታ እሳት፣ ክዳን አድርጋችሁ፣ እያገላበጣችሁ። ብዙ አታድርቁት፤ አፍ ውስጥ መሟሟት አለበት። ጨውም ስኳርም አይገባም። እናቴ «ትንሽ ማር ጠብ አድርጊበት» ብላኝ ነበር። እማዬን አስረድቻታለሁ፤ ማር ዓመት ላልሞላው ልጅ ቦቱሊዝም የሚባል ከባድ ሕመም ሊያመጣ ይችላል።

ዱቄቱ ላይ ግን ወፍጮ ቤት ምረጡ። አንዱ ጋ አስፈጭቼ ቤት ስደርስ ዱቄቱ በርበሬ በርበሬ ይሸታል። ሙሉውን ለኛው አዋልኩት። አሁን የምሄድበት ለበርበሬና ለእህል የተለያየ ወፍጮ አለው። ትንሽ ይርቃል፣ ግን ይሻላል። እህሉን ከማውረዳችሁ በፊት ጠይቁ።

አሳ የሚወድ ልጅ ካላችሁ ሐይቁ ዳር ወዳለው የአሳ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ጠዋት ሂዱ። እዚያው ተጠብሶ የሚሸጠው ለልጅ ጨው ይበዛበታል። ጥሬውን የአሳ ሥጋ ግዙና በደንብ ቀቅሉት። በጣታችሁ እየፈተጋችሁ እሾኩን ፈልጉ፣ ዓይን ብቻ አይበቃም። ከተፈጨው ስኳር ድንች ጋር አድቦልቡሉት። ቡላም ለስላሳ ነው፣ ግን ብቻውን ስታርች ይበዛዋል፤ እንቁላል ጣል ይደረግበት።

ጥሬ ካሮት፣ ኦቾሎኒና ቆሎ አትስጡ። የምታበሉትም ቀጥ ብሎ ተቀምጦ፣ እናንተም አጠገቡ ሆናችሁ ይሁን።

ከፋርማሲ ድድ የሚያደነዝዝ ጄል ልትገዙ ከሆነ ቤንዞኬይን ያለበት እንዳይሆን፤ ከሁለት ዓመት በታች አይሰጥም። የሚነከሰውን የፕላስቲክ ቀለበት ፍሪጅ ውስጥ እንጂ ፍሪዘር ውስጥ አታስገቡት፣ በጣም ጠንክሮ ድድ ይጎዳል። ትኩሳቱ ከ38 ዲግሪ ካለፈ ወይም ተቅማጥ ከያዘው ደግሞ «ጥርሱ ነው» ብላችሁ አትቀመጡ፣ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ጥርሱን እናስነቅልለት የሚል ሰው ቢመጣም እንቢ በሉ። እኛም ሰፈር የመጡ ነበሩ፤ ልጄን ይዤ ጤና ጣቢያ ሄድኩ፣ ለተቅማጧ ኦአርኤስና ዚንክ ተሰጣት።