የዕቅድ ውይይት፦ ከዓሣው በፊት ውሃው

የማኅበሩ ጸሐፊ (ባሕር ዳር)

ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው እሁድ የተስማማነው በመዋጮው ገንዘብ ለየቤታችን የመስታወት ገንዳ የሚሆን የጌጥ ዓሣ ከአዲስ አበባ ለማስመጣት ነበር። ቃለ ጉባኤውን የጻፍኩት እኔው ነኝ። አሁን ግን እንዲቀየር እጠይቃለሁ። ገንዘቡ መጀመሪያ ለውሃው ይዋል።

ምክንያቴን ልንገራችሁ። ዓምና ቤቴ ሰባት ጋፒዎች (ትንንሽ የጌጥ ዓሣዎች) ሞቱብኝ። ውሃው ጥርት ያለ ነበር። ዓሣውን የሸጠልኝ ሰው «የፊልተሩን ስፖንጅ በደንብ እጠበው» ስላለኝ፣ በቧንቧ ውሃ ነጭ እስኪሆን አጠብኩት። በአራተኛው ቀን ዓሣዎቹ ከላይ ተንሳፍፈው አፋቸውን ይከፍቱ ይዘጉ ጀመር። በሳምንቱ አንድም አልቀረም። ልጄ እስካሁን ታነሳብኛለች።

ነገሩ የገባኝ ኋላ ነው። የዓሣ ኩስና የተረፈ ምግብ አሞኒያ ይሆናል። ስፖንጁ ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጡታል። ሌሎች ባክቴሪያዎች ደግሞ ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት። የፊተኞቹ ሁለቱ በጥቂቱም ይገድላሉ፤ ናይትሬት ግን የሚጎዳው ሲጠራቀም ነው። እኔ ቆሻሻ ያጠብኩ መስሎኝ ባክቴሪያዎቹን በቧንቧ ውሃው ክሎሪን ፈጀኋቸው። ስፖንጅ የሚታጠበው ከገንዳው ራሱ በተቀዳ ውሃ፣ ጨመቅ ጨመቅ ተደርጎ ብቻ ነው።

ረቂቄ ይህ ነው። አንድ የጋራ የውሃ መመርመሪያ ኪት እንግዛ፤ እንደ ዕቁብ በተራ ይዙር። አዲስ ገንዳ ለሚጀምር ደግሞ ባክቴሪያው አብሮ እንዲሄድለት ነባር አባል ከስፖንጁ ቆርጦ ይስጠው። ጨምሩበት፣ ቀንሱለት።

አባል (ፍኖተ ሰላም)

ጸሐፊያችን፣ በጣም ያሳዝናል። እኔ ግን ያዋጣሁት ለዓሣ ነው። ገንዳው ባዶውን ከተቀመጠ ሁለት ወሩ። ልጆቹ በየቀኑ «መቼ ነው የሚመጣው?» ይሉኛል። ኪት ተገዝቶ ዓሣ ከቀረ ምን ብዬ ላስረዳቸው?

አባል፣ የባዮሎጂ መምህርት (ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ)

ወንድሜ፣ ዓሣው አይቀርም፤ ትንሽ ይዘገያል እንጂ። አዲስ ገንዳ ውስጥ ባክቴሪያው እስኪበረክት ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይወስዳል። ዛሬውኑ ውሃ ሞልተህ ፊልተሩን አስነሳና በየቀኑ ቆንጠር ያለች የዓሣ ምግብ ጣልበት። ዓሣ ሳይኖር ማለቴ ነው። ምግቡ ሲበሰብስ አሞኒያ ይሰጣል፤ ባክቴሪያው በዚያ ይራባል። ኅዳር 5 ብትጀምር ታኅሣሥ 17 ላይ 6 ሳምንት ይሞላል። ኪቱ አሞኒያም ናይትራይትም ዜሮ ካለ ዓሣው ለገና ይደርሳል። ልጆቹንም አሳትፋቸው፤ በኪቱ ጠብታ የተቀየረውን የውሃ ቀለም ከኪቱ ካርድ ጋር ማመሳከር ይወዳሉ። ተማሪዎቼ ሲሻሙበት አይቻለሁ።

ስለ ኪቱ አንድ ነገር ልጨምር። ውሃ ውስጥ የሚነከረውን መመርመሪያ ወረቀት ሳይሆን በጠብታ የሚሠራውን እንግዛ። ብዙዎቹ ወረቀቶች አሞኒያን አይለኩም፤ እኛን የሚያስፈልገን ደግሞ ዋናው እሱ ነው። ፒኤች (የውሃው አሲድነት ልክ) መለካቱም ግድ ነው። ፒኤች ከ7 ወደ 8 ሲወጣ የአሞኒያው መርዛማ ክፍል ወደ 10 እጥፍ ይጠጋል። ለዚህ ነው ያው መጠን አንዱ ቤት ምንም ሳያደርግ ሌላው ቤት የሚገድለው።

አባል (ፍኖተ ሰላም)

ለገና ከደረሰ እስማማለሁ። ዛሬ ማታ እሞላዋለሁ።

ገንዘብ ያዥ (ባሕር ዳር)

ያለን ገንዘብ ለኪቱ ይበቃል፤ ለዓሣው ግን አዲስ መዋጮ ይጠይቃል። በነፍስ ወከፍ 100 ብር ለሁለት ወር ብንል ለማንም አይከብድም። የኪቱ ጠብታዎች የአገልግሎት ጊዜ ስላላቸው ቀኑ የቀረበ እንዳይሸጡልን እኔ ራሴ አይቼ እረከባለሁ።

አንድ ጥያቄ አለኝ። እኛ ሠፈር ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። ሲመጣ በባለ 20 ሊትር ጄሪካን ሞልቼ ሦስት ቀን አስቀምጣለሁ። ክሎሪኑ ይወጣል አይደል?

አባል፣ የባዮሎጂ መምህርት (ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ)

እትዬ፣ ጄሪካኑ ክዳኑ ከተዘጋ በደንብ አይወጣም። ክሎሪን የሚሸሸው አየር ሲያገኝ ነው። አፉ ሰፊ በሆነ ባልዲ ወይም በርሜል ገልብጠው ክፍቱን 24 ሰዓት ያሳድሩት። የአየር ፓምፕ ቢገባበት ደግሞ ይፈጥናል። በእርግጥ በክሎሪን ማጥፊያ ጠብታ ወዲያውኑ ይሆናል፤ ግን ሁላችንም ቤት ባልዲ አለ። ለመጠጥ ብለው ማከሚያ የጨመሩበትን ውሃም እንዲሁ፣ ሳያሳድሩ እንዳይጠቀሙበት። እሱም ክሎሪን ነው።

መጠኑም አያስፈራም። ርዝመቱ 60፣ ወርዱ 30፣ ከፍታው 35 ሴንቲ ሜትር የሆነ ገንዳ 63 ሊትር ይይዛል። በሳምንት ሩቡን መቀየር 16 ሊትር ገደማ ነው። አንድ ጄሪካን አይሞላም። ሁሉንም ውሃ አንዴ ደፍቶ መሙላት ግን ይቅርብን፤ ዓሣው ባንዴ የሙቀትና የፒኤች ለውጥ አይችልም።

አባል፣ ተማሪ (ባሕር ዳር)

ጣና እያለልን ለምን ውሃ እንገዛለን፣ ለምን እናሳድራለን? ከዳር ብንቀዳስ?

የማኅበሩ ጸሐፊ (ባሕር ዳር)

ወንድም ጋሼ፣ እኔም አንድ ጊዜ አስቤው ነበር። ክረምት ላይ ግልገል ዓባይ፣ ጉማራና ርብ አፈር ይዘው ይገባሉ፤ ሐይቁ ይደፈርሳል። ከደለሉ ጋር ጥገኛ ተሕዋስያን ይመጣሉ፤ ከከተማው የሚወርደውም ፍሳሽ አለ። የጣና ቆሮሶና አምባዛ ለምዶት ይኖርበታል። ከውጭ የመጣ ጋፒ አይችለውም።

ከዚህ ይልቅ የሚያሳስበኝ የዚህ ግልባጭ ነው። ከገንዳችን ወደ ጣና የሚሄደው። እምቦጭ ከደቡብ አሜሪካ በአበባው ውበት ተወዶ በዓለም የተዛመተ ተክል ነው። በጣና ላይ ከ2011 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ጀምሮ ምን እንዳደረሰ አይናችን አይቷል። ገበሬው ውሃ ውስጥ ቆሞ በእጁ ሲነቅለው ኖሯል። ጣና በዓለም ላይ ሌላ የትም የማይገኙ የነጭ ዓሣ ዝርያዎች ያሉት ሐይቅ ነው። እኛ የሰለቸንን ዓሣ ወይም የተከረከመ ተክል ወደ ሐይቁ ወይም ወደ ዓባይ ብንጥል ምን ዓይነት ማኅበር ነን? ይህ በረቂቁ ላይ በግልጽ ይጻፍልኝ። የገንዳው ተክል ይደርቅና ይቃጠላል፤ የቆሸሸው ውሃ ወደ ጓሮ። ጎመኑና ቃሪያው ናይትሬቱን ይወዱታል።

አባል፣ ተማሪ (ባሕር ዳር)

ይህን አላሰብኩትም ነበር። አመሰግናለሁ። ደረቁን እኔ እሰበስባለሁ።

አባል (ደብረ ማርቆስ)

እኛ ጋ ብርድ ነው። ሌሊት ቤቱ ውስጥ ውሃው በጣም ይወርዳል። ሂተር (የገንዳ ውሃ ማሞቂያ) የሌለው አባል ጋፒ ባያዝ ይሻላል፤ ጎልድፊሽ ይውሰድ፣ ቅዝቃዜ ይችላል። ባክቴሪያውም በብርድ ቀስ ብሎ ነው የሚራባው። ስለዚህ ለእኛ 6 ሳምንቱ ወደ 8 ይራዘምልን።

ስፖንጁን ግን እፈራለሁ። ነጭ ነጠብጣብ የሚባለው የዓሣ በሽታ ያለበት ገንዳ ቢሆንስ? በሽታውን ለሁላችን ማከፋፈል ነው።

አባል፣ የባዮሎጂ መምህርት (ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ)

ትክክል። ስፖንጅ የሚሰጠው ገንዳ ባለፉት 6 ሳምንታት የታመመ ዓሣ ያልነበረበት፣ አዲስ ዓሣም ያልገባበት ይሁን። በመንገድ ላይ ደግሞ አየር እንዳያጣ። ከገንዳው ውሃ ጥቂት ተጨምሮበት፣ ግማሹ ባዶ በሆነ ዕቃ ይላክ። ስፖንጁ እንዳይደርቅ፣ ፀሐይም እንዳያገኘው።

አባል (ደብረ ማርቆስ)

እንደዚያ ከሆነ ተስማምቻለሁ። መብራት ሲጠፋስ? ባለፈው ሙሉ ቀን ጠፋብን።

የማኅበሩ ጸሐፊ (ባሕር ዳር)

መብራት ከጠፋ ምግብ አትስጡ። በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ያለው ያብራ፤ የሌለው በየጊዜው በጣሳ እየቀዳ ከፍ አድርጎ ያንቆርቁር። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ያው ሙቀት ያለው ውሃ እዚህ የሚይዘው ኦክስጅን ከባሕር ወለል አንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። ደብረ ማርቆስ ከዚያም ከፍ ትላለች። ስለዚህ ገንዳ አናጨናንቅ።

የተሻሻለው ረቂቅ ይኸውና፦ በጠብታ የሚሠራ አንድ ኪት ይገዛል፤ ገንዘብ ያዣችን ይረከባሉ። እያንዳንዱ አባል ሳምንቱን ሙሉ ይዞ ለቀጣዩ ያስረክባል፤ አሞኒያ፣ ናይትራይት፣ ናይትሬትና ፒኤች በአንድ ደብተር ይመዘገባሉ። አሞኒያና ናይትራይት ዜሮ ሳይሉ ለማንም ዓሣ አይታደልም። ናይትሬት በሊትር ከ40 ሚሊ ግራም ካለፈ ውሃ ይቀየራል። ስፖንጅ መምህርታችን ባሉት መሠረት። ወደ ጣናና ዓባይ ምንም አይጣልም። መዋጮው 100 ብር፣ ለሁለት ወር።

ገንዘብ ያዥ (ባሕር ዳር)

እስማማለሁ። እኔ ቤት ያለው ገንዳ ዓመት አልፎታል፤ ዓሣም ታሞብኝ አያውቅም። ለፍኖተ ሰላሙ አባላችን ቅዳሜ ከስፖንጄ እቆርጣለሁ። ጠዋት መናኸሪያ የሚመጣ ሰው ካለህ ንገረኝ፣ ልጄ።

አባል (ፍኖተ ሰላም)

እትዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ራሴ እመጣለሁ። ልጆቹንም ይዤ።