«አሲድ በላው» ይባላል ወይስ «አሟሟው»?

ጥያቄ፦ ስለ መዳብ ማዕድን አንድ ጽሑፍ እየተረጎምኩ ነው። የመዳብ ሰልፋይድ (መዳብ ከድኝ ጋር የተዋሃደበት) ድንጋይ ሰልፈሪክ አሲድ ውስጥ ሲገባ የሚሆነውን ምን ልበለው? «ቀለጠ» ብዬ ነበር፣ ግን ጆሮዬ አልተቀበለውም። እስቲ አንድ በሉኝ።

መልስ፦ «ቀለጠ»ን ተወው፣ እሱ የሙቀት ነው። መዳብ በ1,085 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣል፤ አንተ ጋ ግን እሳት የለም። «ሟሟ» ይሻላል፣ እሱም በመጠኑ። ስኳር ሻይ ውስጥ ሲሟሟ ስኳርነቱን አይለቅም። ካልኮሳይት ግን (ሁለት መዳብ ከአንድ ድኝ ጋር የተዋሃደበት ጥቁር ግራጫ ማዕድን) ይፈርሳል። ፈሳሹን ብታተነው ያ ድንጋይ አይመለስም። ሰማያዊ የመዳብ ሰልፌት ነው የምታገኘው፣ ሌላም ጨው ተቀላቅሎበት።

ሌላ መልስ፦ ምን አስጨነቃችሁ? «አሲድ በላው» በለው። የባትሪ ውሃ ሱሪ ላይ ሲፈስ ሁላችንም የምንለው ይህንኑ አይደል?

መልስ፦ ያምራል፣ ግን በዪው ሌላ ነው! ካልኮሳይት ላይ በውሃ የቀጠነ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ አፍስበት፤ ዝም ነው የሚልህ። የብረት ሰልፋይድ ቢሆን ወዲያው የገማ እንቁላል ይሸትህ ነበር። የመዳቡ ከድኙ ጋር ያለው ትስስር ጠንካራ ነው፣ አሲድ ብቻውን አይፈታውም። ኤሌክትሮን የሚነጥቅ ያስፈልጋል። በማዕድን ሥራ ይህን የሚሠራው ፌሪክ፣ ማለትም ሦስት ኤሌክትሮን ያጣ ብረት ነው። ከሰልፋይዱ ኤሌክትሮን ይወስዳል፣ መዳቡ ወደ ፈሳሹ ይገባል፣ ድኙ በአብዛኛው ጠጣር ሆኖ ይቀራል። አሲዱማ ብረቱ ዝገት ሆኖ እንዳይዘቅጥ ይጠብቃል። ኤሌክትሮን ያገኘውን ብረት መልሰው ፌሪክ የሚያደርጉት ደግሞ ባክቴሪያዎች ናቸው፣ በአየሩ ኦክስጅን። የስፔኑን ሪዮ ቲንቶ ወንዝ ያቀላው ይኸው ፌሪክ ነው።

ፍጥነቱም አንድ ዓይነት አይደለም። ካልኮሳይት ግማሽ ያህል መዳቡን ቶሎ ይለቃል፣ የቀረውን እያንገራገረ። ካልኮፓይራይት የሚባለው ነሐስ መሳይ ቢጫ ማዕድን ደግሞ ጭራሽ ግትር ነው፤ ገና ሲጀምር ፊቱ ላይ ስስ ሽፋን ያበጅና መፍረሱን ያዘገየዋል። በዓለም በብዛት የሚገኘው የመዳብ ማዕድን እሱ መሆኑ ነው የሚያናድደው።

ጠያቂው፦ ታዲያ ምን ብዬ ልጻፍ?

መልስ፦ እኔ ብሆን «በአሲድና በፌሪክ አፍርሶ ማሟሟት» እላለሁ። ይረዝማል። ይርዘም።