እማዬ ትጾማለች፣ እኛ ኦርላንዶ ልንሄድ ነው፤ ምግብ ይዘን መግባት እንችላለን?

ጥያቄ፣ ከዴንቨር

ሰላም ለሁላችሁ። ነሐሴ መጀመሪያ ላይ ልጆቹን ይዘን ወደ ኦርላንዶ ለመብረር ቲኬት ቆርጠናል። እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ እኛው ጋ ናት፤ እሷም አብራን ትሄዳለች። ችግሩ ጊዜው ፍልሰታ ነው። እማዬ በፍልሰታ ቀልድ አታውቅም። ትልቋ ልጄም ዘንድሮ «ከአያቴ ጋር እጾማለሁ» ብላለች። መዝናኛ ፓርኮቹ ውስጥ ያለው በርገርና ፒዛ ነው ይሉኛል፤ ዋጋውም አይቀመስም። የራሳችንን ምግብ ይዘን ብንሄድ በር ላይ ይመልሱናል? አንዷ ጓደኛዬ «ምንም አያስገቡም» አለችኝ። ሌላዋ ደግሞ «እኛ ኩለር ሙሉ ይዘን ገብተናል» ትላለች። የቱን ልመን? የሄዳችሁ ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ።

መልስ፣ ከሜሪላንድ

እህቴ፣ እንኳን እናትሽ በሰላም መጡልሽ። ሁለቱም ጓደኞችሽ እውነታቸውን ነው። የሄዱት ግን የተለያየ ፓርክ ይመስለኛል። ኦርላንዶ ውስጥ ሁለት ትልልቅ ስሞች አሉ፤ ዲዝኒ ወርልድና ዩኒቨርሳል። በመኪና የሚያራርቃቸው ጥቂት ደቂቃ ነው። የምግብ ደንባቸው ግን አይገናኝም።

ዲዝኒ ወርልድ ከውጭ ምግብና ለስላሳ መጠጥ ያስገባል። ለራሳችሁ የምትበሉት መሆን አለበት። መሞቅ ወይም ማቀዝቀዣ ውስጥ መቀመጥ የግድ የሚለው ምግብ አይሆንም፤ ኃይለኛ ሽታ ያለውም አይሆንም። አልኮል ክልክል ነው። የብርጭቆ ዕቃም ክልክል ነው፤ እንደ ሕፃናት ምግብ ያሉ ትንንሽ ብልቃጦች ብቻ ይፈቀዳሉ። ኩለሩ ከ24 በ15 በ18 ኢንች መብለጥ የለበትም። ይህ ለአንድ ቤተሰብ ከበቂ በላይ ነው። ውስጡ ግን የተፈጨ ወይም የተቆራረጠ በረዶ አታድርጉ፤ ደረቅ በረዶም አይገባም። ፍሪዘር ውስጥ የሚቀዘቅዙት የጄል ከረጢቶች ይፈቀዳሉ።

ዩኒቨርሳል ሌላ ነው። እዚያ ምሳ ቋጥሮ መግባት አይቻልም። የታሸገ ውሃ፣ ትንንሽ መክሰስ፣ የሕፃን ምግብና በሕክምና ምክንያት የሚያስፈልግ ምግብ ያስገባሉ። ኩለርም አይገባም፤ የሚፈቀደው 8.5 በ6 በ6 ኢንች የሆነች ለስላሳ ቦርሳ ናት። አንድ የልጅ ምሳ ዕቃ ታህላለች ማለት ነው። ጓደኛሽ «ምንም አያስገቡም» ያለችው ከዚህ የተነሳ ይሆናል።

ይህን ሁሉ በቃሌ የያዝኩት ተምሬበት ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በዚሁ በፍልሰታ፣ አማቴን ይዘን ወደ አንድ መዝናኛ ፓርክ ሄድን። ኦርላንዶ አልነበረም። አማቴ ሌሊት ተነስታ ምስር ወጥ፣ ጎመንና ድንች አልጫ ሠራች። እንጀራውን ጠቅልላ፣ ሁሉንም በትልቅ ቦርሳ አደረገች። በር ላይ ጥበቃው ቦርሳውን ከፈተና «ወይ መኪናችሁ ውስጥ መልሱት፣ ወይ እዚህ ጣሉት» አለን። አማቴ እንግሊዝኛ አትሰማም። ወደ ቆሻሻ በርሜሉ ሲጠቁም ግን ገባት። «እንጀራ ይጣላል እንዴ ልጄ?» ብላ ቦርሳውን ደረቷ ላይ አቀፈችው። ያንን ፊቷን እስካሁን አልረሳውም።

ከዚያ ያንን ሁሉ መንገድ ወደ መኪናው ተመለስን። አስፋልቱ ያቃጥል ነበር። ልጆቹ ያለቅሳሉ። ሰዓቷ ሲደርስ ከፓርኩ ወጥተን የመኪናውን ኋላ ከፍተን በላን፤ እንደገና ተሰልፈን ገባን። ግማሽ ቀናችን በዚህ አለቀ። ሰውዬው ሥራውን ነው የሠራው። ደንቡ ድረ ገጻቸው ላይ ተጽፎ ነበር፤ ሳላነብ የወጣሁት እኔ ነኝ። ስለዚህ ከመሄዳችሁ በፊት በነበረው ምሽት የፓርኩን ደንብ ክፈቺና አንብቢ። ደንብ ይቀየራል፤ የኔንም ጽሑፍ ብቻ ይዘሽ አትሂጂ።

አሁን ወደ ምግቡ ልምጣ። እዚህ ላይ ነው ሁላችንም የምንሳሳተው። ለመንገድ ምግብ ሲባል መጀመሪያ የሚታሰበን ወጥ ነው። ወጥ ደግሞ ይፈሳል፣ ይሸታል፣ ካልሞቀም አይጥምም። ዲዝኒ ከሚከለክለው ጋር በቀጥታ ይጋጫል። ግን የጾም ምግባችንን እስኪ አስቢው። ስንቱ ነው በተፈጥሮው ቀዝቃዛ የሆነው! ሱፍ ፍትፍት አይሞቅም። የቲማቲም ፍትፍትም አይሞቅም። አዚፋም እንደዚያው። እናቶቻችን ለጾም የሠሩት ምግብ ለዚህ ደንብ ልክ ሆኖ ተገኘ። ይህን ካወቅኩ በኋላ ፓርክ ስንሄድ ምን ልያዝ ብዬ ተጨንቄ አላውቅም።

ሱፉን ዋዜማ ላይ አዘጋጂ። ማጣፈጫውን ጨምረሽ፣ አፉ በደንብ በሚዘጋ የፕላስቲክ ዕቃ አድርገሽ ፍሪጅ ውስጥ አሳድሪው። እንጀራውን ለብቻ ያዢ። ጠዋት ከፈተፈትሽው ምሳ ሰዓት ላይ ሙክክ ይላል፤ እዚያው ስትደርሱ ፈትፍቺው። ለቲማቲሙም እንደዚሁ። ሽንኩርቱን ግን ቀነስ አድርጊ፤ ክዳኑ ሲከፈት የሚሸተው እሱ ነው። አዚፋም ሰናፍጩ ኃይለኛ ስለሆነ እኔ ሆቴል ነው የምተወው። የምስር ሳንቡሳ ቀዝቅዞም ይበላል፤ ልጆች ይወዱታል። ድፎ ዳቦ ቆርጠሽ ያዢ። ቢላ ይዘሽ እንዳትሄጂ፤ ፍራፍሬውንም ቤት ቆርጠሽው ውጪ። ቆሎና ዳቦ ቆሎ ለወረፋ ነው። አንድ ሮለር ኮስተር ላይ ለመውጣት አንድ ሰዓት ቆመሽ ልጅ ሲነጫነጭ፣ እፍኝ ቆሎ ትልቅ ነገር ነው። በሶም ያዢ፤ በዘይት የታሸ በሶ ሙቀት አያበላሸውም።

ሙቀቱን ግን አትናቂው። ነሐሴ ላይ ፍሎሪዳ ከ90 ፋራናይት በላይ ነው። እዚህ አገር የምግብ ደኅንነት መመሪያው፣ የሚበላሽ ምግብ ከማቀዝቀዣ ውጭ ከ2 ሰዓት በላይ አይቆይ ይላል። ከ90 ዲግሪ በላይ ከሆነ ደግሞ 1 ሰዓት ብቻ። እናትሽ እስከ ዘጠኝ ሰዓት፣ ማለትም በፈረንጁ 3 ሰዓት ድረስ የሚጾሙ ከሆነ፣ ምግቡ ጠዋት ከሆቴል ወጥቶ ብዙ ሰዓት ይቆያል። ስለዚህ የጄል ከረጢቶቹ ከታችም ከላይም ይሁኑ። ኩለሩን ቶሎ ቶሎ አትክፈቱት። የልጆቹን መክሰስ በሌላ ቦርሳ አድርጊው።

እህቴ፣ የውሃው ነገር ያስፈራኛል። እናትሽ ትልቅ ሰው ናቸው። በዚያ ፀሐይ ውሃ ሳይቀምሱ እስከ ዘጠኝ ሰዓት መቆም ከባድ ነው። ከመሄዳችሁ በፊት የንስሐ አባታቸውን ያማክሩ። መንገደኛ ናቸው፣ አዛውንት ናቸው፤ አባቶች የሚሉት አይጠፋም። አንቺ ከምትለምኛቸው የንስሐ አባታቸው ቢነግሯቸው ይሰማሉ። ስኳር ወይም ደም ግፊት ካለባቸው ደግሞ ሐኪማቸውንም ጠይቁ። ውሃ እንደሆነ ሁለቱም ፓርኮች ውስጥ በነፃ ይገኛል። ለስላሳ በብርጭቆ የሚቀዱ ምግብ ቤቶች ሄደሽ ውሃ ስትጠይቂ በበረዶ ይሰጡሻል። አትከፍዪም። ብዙ ሰው ይህን ሳያውቅ ቀኑን ሙሉ የታሸገ ውሃ ሲገዛ ይውላል።

ምግቡ ቢያልቅስ? ዲዝኒ ምግብ ቤቶች ዝርዝር ላይ የአረንጓዴ ቅጠል ምልክት ፈልጊ። ሥጋ፣ ወተት፣ እንቁላል፣ ማርም ሳይቀር የሌለበት ማለት ነው። ለጾመኛ ከዚህ የተሻለ ምልክት የለም።

ዩኒቨርሳል የምትሄዱበት ቀን ካለ፣ ከፍልሰታ በፊት አድርጉት። ፍልሰታ ነሐሴ 1 ነው የሚገባው፤ በፈረንጁ ኦገስት 7። ቀኑ ካልተመቻችሁ፣ ሃይማኖታዊ ጾም እንደ ሕክምና ምግብ ይታይ እንደሆነ አስቀድመሽ ደውለሽ ጠይቂ። በር ላይ ደርሶ መከራከር ለእናትሽም ለልጆቹም አይበጅም።

ከዴንቨር ስለምትበሩ አውሮፕላኑንም አትርሺ። እንጀራና ዳቦ በእጅ ሻንጣ ያልፋል። እንደ ሱፍ ያለ ፈሳሽ ግን ከ3.4 አውንስ በላይ በእጅ አይያዝም፤ ሻንጣ ውስጥ ይግባ፣ ወይም እዚያ ሆቴል ሥሩት። ከ12 አውንስ በላይ የሆነ የበሶ ወይም የሽሮ ዱቄት በእጅ ከያዝሽ ተጨማሪ ፍተሻ ሊገጥምሽ ይችላል። በተመዘገበው ሻንጣ ላኪው። ማብሰያ ያለው ክፍል መያዝ ከቻላችሁ ያዙ። የትኛውም ምክሬ ቢረሳሽ ይህ አይርሳሽ።

ሌላም ነገር ልበል። ዲዝኒ ስንሄድ የኔ ልጅ አሥር ዓመቷ ነበር። ዲዝኒ ውስጥ ጠረጴዛ ላይ እንጀራውን ስዘረጋ «ማሚ፣ ሰው እያየን ነው» አለችኝ። እውነት ለመናገር እኔም ዞር ዞር ብዬ አየሁ። ጎናችን ያለው ቤተሰብ ቶርቲያውን ከፎይል አውጥቶ እየበላ ነበር። ሴትየዋ የኛን እንጀራ አይታ ፈገግ አለችና አውራ ጣቷን አሳየችን። ልጄ ከዚያ በኋላ ዝም ብላ በላች። ምግባችንን በአደባባይ ስንበላ ልጆቻችን የሚያዩት የኛን ፊት ነው። እኛ ካልተሸማቀቅን እነሱም አይሸማቀቁም።

መልስ፣ ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

ሰላም። እኔ ሙስሊም ነኝ። የሐላል ነገር ለኛም ያው ጭንቀት ነው፤ ስለዚህ የእህታችንን ሐሳብ በደንብ እረዳዋለሁ። ኦርላንዶ ስንሄድ ክፍላችን ውስጥ ጠዋት ጥሩ አድርገን በልተን እንወጣለን፤ ቀን ላይ ወጥተን በልተን በዚያው ቲኬት ተመልሰን እንገባለን። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። የዲዝኒው ማጂክ ኪንግደም ፓርክ ከመኪና ማቆሚያው ሩቅ ነው። በባቡሩ ወይም በጀልባው ነው የሚደረሰው። «ምሳውን መኪና ውስጥ እንተወው» ካላችሁ ደርሶ መልስ ብዙ ጊዜ ይበላል። እዚያ በምትሄዱበት ቀን ምግቡን ይዛችሁ ግቡ።

ለዚህ አካባቢ ሰዎች ደግሞ፦ ሜሪላንድ ያለው ሲክስ ፍላግስ የሚባለው መዝናኛ ፓርክ በፈረንጁ 2025 ኖቬምበር ላይ ከተዘጋ ወዲህ «የት እንውሰዳቸው?» የሚል ብዙ ነው። ፔንሲልቬንያ፣ ኤሊስበርግ የሚገኘውን ክኖበልስ የሚባለውን መዝናኛ ፓርክ ሞክሩት። ከ1926 ጀምሮ ያለ ነው። መግቢያ የለውም፣ ፓርኪንግም ነፃ ነው። የምትከፍሉት ልጁ ለሚጫወትበት ብቻ ነው። ምግብ ይዞ ገብቶ ዛፍ ሥር ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ መብላት የተለመደ ነው። አልኮል ብቻ አይገባም። አያቶች ከልጆች ጋር ቁጭ ብለው የሚውሉበት እንደዚህ ያለ ቦታ አላየሁም።

መልስ፣ ከሽቱትጋርት

አውሮፓ ላላችሁም ልጨምር። እዚህ ጀርመን፣ ሩስት ያለው ኦይሮፓ ፓርክ የራስን ምግብ ያስገባል፤ ሆላንድ ያለው ኤፍተሊንግም እንደዚያው። እኛ የሰንበት ትምህርት ቤቱን ልጆች ይዘን ስንሄድ ዳቦና ቆሎ ተሸክመን ነው። ማንም ምንም ብሎን አያውቅም።

ጠያቂዋ፣ ከዴንቨር

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ለእማዬ አነበብኩላት፤ ሱፉን እኔው ነኝ የማዘጋጀው አለች። አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ። ቡናስ? እማዬ ቡና ካልጠጣች ራሷን ያማታል። ከአገር ቤት ያመጣችው ፔርሙዝ አለ።

መልስ፣ ከሜሪላንድ

ያንን ፔርሙዝ ከፍተሽ ውስጡን እዪው። የድሮዎቹ ውስጣቸው መስታወት ነው። መስታወት ከሆነ ይዘሽ አትሂጂ፤ ቢወድቅም አደጋ ነው። ውስጡም ውጩም ብረት የሆነውን ግዢ። ጠዋት አፍልታችሁ ብትሞሉት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ትኩስ ሆኖ ይቆያል። ሲኒውን ተዉትና የወረቀት ኩባያ ያዙ። ቡናውን ቤት ቆልታችሁ ፈጭታችሁ ሂዱ። ሆቴል ክፍል ውስጥ መቁላትም ዕጣን ማጨስም አይሆንም፤ የጭስ ማስጠንቀቂያው ይጮኽና እናትሽን ያስደነግጥብሻል።