እማዬ የላክሁላትን የመስሚያ መሣሪያ ሙዳይ ውስጥ ቆልፋበታለች፤ ምን ላድርግ?

የደብረ ብርሃኗ ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ ያለሁት ሜሪላንድ ነው፣ እናቴ ደብረ ብርሃን። 74 ዓመቷ ነው። ከሦስት ዓመት ወዲህ በስልክ መግባባት አቅቶናል። እሷን ብትጠይቋት ግን ችግሩ የእሷ አይደለም። «የዘንድሮ ሰው አፉን ከፍቶ መናገር ትቷል፣ ያልጎመጉማል» ነው የምትለው። ቡና ላይ ሰው ሲስቅ አይታ እንደምትስቅ እህቴ ነግራኛለች።

ባለፈው «ሻሽ ልላክልሽ?» አልኳት። ዝም አለች። ከዚያ «አሜሪካ ሄደሽ ለእናትሽ ጫት መላክ ጀመርሽ?» ብላ ተቆጣች። ሳቅሁ። ስልኩን ስዘጋ ግን አለቀስኩ።

እዚህ አሜሪካ በፈረንጆቹ ከ2022 መገባደጃ ጀምሮ መሣሪያው ለአዋቂዎች ያለ ሐኪም ማዘዣ ይሸጣል። ጥንዱን ገዝቼ በሰው ላክሁላት። አንድ ሳምንት ሞከረችውና «ጆሮዬ ውስጥ ወፍጮ ተከላችሁብኝ» ብላ አወለቀችው። አሁን ከወርቅ መስቀሏ ጋር ሙዳይ ውስጥ ነው። ወንድሜ «በግድ አይሆንም፣ ተያት» ይላል። ልተዋት? ወይስ ሌላ ዓይነት ልግዛ?

ከምርመራ ክፍል

እህቴ፣ ሌላ ከመግዛትሽ በፊት ቆይ። ሥራዬ ጆሮ መመርመር ነው፤ ሻሽና ጫት መደባለቁ ብዙ ነገር ይናገራል። በዕድሜ የሚመጣ የመስማት ችግር መጀመሪያ የሚወስደው ቀጭኑን ድምፅ ነው። ሰ፣ ሸ፣ ፈ፣ ተ፣ ጨ እዚያ ናቸው። በሁለቱም ቃል መሃል ያለችው «አ» ግን ወፍራም ስለሆነች ትቀራለች። ስለዚህ እናትሽ ድምፅሽን ይሰማሉ፤ ቃሉ ነው የሚጠፋባቸው። «ያልጎመጉማል» ያሉት ለእሳቸው እውነት ነው።

መጮህም አይጠቅምም። እንደዚህ ያለ ጆሮ ትንሹን ድምፅ አይሰማም፣ ትልቁ ደግሞ ያመዋል። ፊት ለፊት፣ ቀስ ተብሎ፣ ቴሌቪዥን ተዘግቶ ነው።

ያለ ማዘዣ የሚሸጠው ለቀላልና ለመካከለኛ ችግር ነው። የእናትሽ ከዚያ ያለፈ ከሆነ ያለ ማዘዣ ከሚሸጡት የትኛውንም ብትገዢ ዋጋ የለውም። ያንን የሚነግርሽ ምርመራ ብቻ ነው። የአንገት በላይ ሐኪም ይያቸው። መጀመሪያ ጆሯቸው በኩክ ተደፍኖ እንዳይሆን ይታይ፤ አንዳንዴ ግማሹ ችግር እሱ ይሆናል። በክብሪት እንጨት አይጎርጉሩ፣ ዘይትም አይጨምሩ። አንድ ጆሮ ብቻ በድንገት ከደነቆረ ግን ያ ሌላ ነገር ነው። በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ መሄድ አለባቸው።

ሌላም ልጠይቅሽ። መሣሪያው በስማርት ስልክ የሚስተካከል ነው? እናትሽ ምን ዓይነት ስልክ ነው ያላቸው?

የደብረ ብርሃኗ ልጅ

ባለቁልፍ ተራ ስልክ ነው ያላት 🙈 አዎ፣ በስልክ ነው የሚስተካከለው። ማንም አላስተካከለላትም። ከካርቶኑ እንደወጣ ነው የሰካችው።

ባለወፍጮው

ሰላም ልጄ። የልጅ ልጄ ነው የሚጽፍልኝ። እናትሽ «ወፍጮ ተከላችሁብኝ» ያሉት ነገር ሳበኝ፤ እኔ 31 ዓመት ወፍጮ ቤት የሠራሁ ሰው ነኝ። ጆሮዬን ግማሹን ዕድሜ፣ ግማሹን ወፍጮው ወሰደው።

የመጀመሪያ ቀን ስሰካው የሰማሁት የሰው ንግግር አይደለም። የፌስታል ኮሽታ ነው። ባለቤቴ ሽንኩርት ስታወጣ ቆርቆሮ የሚቀደድ መሰለኝ። የራሴ ነጠላ ጫማ ከኋላዬ ሰው የሚከተለኝ መሰለኝና ዞር አልኩ። ቆሎስ! ስቆረጥም ጭንቅላቴ ውስጥ ድንጋይ የሚወቀጥ ነው የሚመስለው። አውልቄ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። አምስት ወር ተኛ።

በኋላ ሐኪሙ ተቆጣኝ። «ጋሼ፣ መነጽር ያደረገ ሰው ወዲያው ያያል። ጆሮ እንደሱ አይደለም። አእምሮዎ ስንት ዓመት ዝምታ ለምዷል፤ የፌስታሉን ድምፅ ችላ ማለት እንደገና መማር አለበት» አለኝ። እንደ ሕፃን ጀመርኩ። ጠዋት አንድ ሰዓት ብቻ፣ ከባለቤቴ ጋር ብቻ። በሳምንቱ ሁለት ሰዓት። ከዚያ ዜና። ቡና ላይ ይዤው የሄድኩት ከወር በኋላ ነው። እናትሽ ከቡናው ከጀመሩ፣ ስምንት ሴት በአንዴ የሚያወራበት ቦታ ነው የገቡት። ማንም ያወልቀዋል።

እውነቱን ልንገርሽ፣ ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ዛሬም አይሆንልኝም። እዚያ እንደ ድሮው አዎ አዎ እያልኩ ራሴን እነቀንቃለሁ። ቤተ ክርስቲያን የድምፅ ማጉያው አጠገብ አልቆምም።

ሀፍረቱም አለ። ደንቆሮ ስንል የማይሰማውን ብቻ አይደለም፣ የማይገባውንም ነው። እናትሽ የሚሸሹት ያንን ቃል ይመስለኛል። ነጠላ ይከናነባሉ አይደል? ማን ያየዋል በያቸው። ብቻ ነጠላው ጆሮ ላይ ከተጫነ መሣሪያው እንደ ፊሽካ ያፏጫል፣ ላላ ያድርጉት። እኔ በጋቢ ተከናንቤ ጎረቤቱን ሁሉ አስደንግጬ አውቃለሁ።

ቦሌ ያለሁ

የባትሪውን ነገር ማንም አላነሳም። መሣሪያው ትንሿን ክብ ባትሪ የሚጠቀም ከሆነ ያቺ ባትሪ የምትሠራው በአየር ነው። ተለጣፊው ሲላጥ ጥቂት ደቂቃ ጠረጴዛ ላይ ትቆይ፣ ከዚያ ትግባ። አንዴ ከተላጠች ተጠቀማችሁባትም አልተጠቀማችሁባትም ታልቃለች። ሙዳይ ውስጥ ያለችው እስካሁን ሞታለች። የሰዓት ባትሪ ቢመሳሰልም አይሆንም፤ እኔ ለአባቴ ገዝቼ ከስሬያለሁ። ቤት ውስጥ ሕፃን ካለ ደግሞ ተጠንቀቁ፣ ከዋጠ ወዲያው ሆስፒታል ነው።

ስለ አባቴ ካነሳሁ፦ «እየረሳ ነው» ብለን ስናዝን ነበር። ለካ መጀመሪያውኑ የነገርነውን አልሰማም።

የደብረ ብርሃኗ ልጅ

ከወር በኋላ ተመለስኩ። እህቴ ሐኪም ዘንድ ወሰደቻት። የቀኝ ጆሮዋ በኩክ ተደፍኖ ነበር፣ አወጡላት። በምርመራው ችግሯ መካከለኛ ነው ተባለ፣ ስለዚህ የላክሁት ይሆናታል። እህቴ በራሷ ስልክ አስተካከለችላት። የጋሼን ምክር ይዘን ማታ ማታ አንድ ሰዓት ብቻ፣ እራት ላይ፣ ቴሌቪዥን ተዘግቶ ታደርገዋለች። ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። «ማን ያየዋል» የሚለው ሠርቷል።

ትናንት ደወለች። ሰላምታ እንኳ አልሰጠችኝም። «ወንድምሽ ሲበላ እንደዚህ ያጮሃል? እስከዛሬ ለምን አልነገራችሁኝም?»

አሁን የቸገረኝ ባትሪ ነው። ቁጥሩ 312 ነው፣ ቡናማ ምልክት ያለው። አዲስ አበባ ውስጥ የምታውቁት መደብር ካለ እዚሁ ጻፉልኝ፤ እህቴ በየሁለት ሳምንቱ ለሥራ ትወርዳለች።