ከአያቴ የወረስኳት ባዝራ ዘር እንዳይቋረጥ ምን ላድርግ?

የለጋምቦ ልጅ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ያለሁት አቃስታ አካባቢ ገጠር ነው። ፈረስ አርቢ ነኝ ብል ትልቅ ቃል ይሆንብኛል። አያቴ አንዲት ባዝራ ነበረቻቸው። ከሷ አንዲት፣ ከዚያችም አንዲት እየተባለ እኔ ዘንድ ደርሷል። አሁን ቤት ያሉት ሁለት ናቸው። ትልቋ ቦራ ትባላለች፣ 14 ዓመቷ ነው። ልጇ ዳሚቱ 3 ዓመት ከመንፈቅ ሆናታለች።

በኛ አገር "የቦራ ልጅ" የተባለ ፈረስ ገበያ አይወጣም፣ ከበረት ይሸጣል። ጉግስ ላይ ሽምጥ እየጋለበ ድንገት ሲመልሱት በአንድ እጅ ልጓም ይታጠፋል። ጥሩንባውም እልልታውም አያስበረግገውም።

ችግሬ ሦስት ነው። አጎቴ "ዳሚቱን ለአህያ ስጣትና በቅሎ አውጣባት፣ ብር ታያለህ" ይለኛል። ነገሩም ውሸት አይደለም፣ ደህና በቅሎ በኛ ገበያ ከፈረስ በጣም ይበልጣል። ሁለተኛ፣ ቦራን ሁለት ጊዜ አስጠቅቻት አልያዘችም። ሦስተኛ፣ ቅርብ ያለው ደህና ድንጉላ የጎረቤታችን ጉራቻ ነው። ግን እሱም የቦራ ልጅ ነው! አባቱ ሌላ ነው፣ ከዳሚቱ ጋር በእናት አንድ ናቸው።

በስልክ ላይ የፖሎ ፈረስ አርቢዎች በእናት በኩል ዘር እንደሚቆጥሩ አየሁ። እኛ አገር የፈረስ ዘር ሲጠየቅ "የማን ድንጉላ ልጅ ነው?" ነው የሚባለው። እውነት በእናት ይቆጠራል? ምከሩኝ።

ደላንታ

ወንድም ዓለም፣ መጀመሪያ እንኳን ደስ አለህ። ሦስት ትውልድ ባዝራ ሳይሸጥ ያቆየ ቤት ዛሬ የታል?

በእናት መቁጠርን በተመለከተ፣ በኛ ዘንድ እንዲህ የሚቆጥር አንድ እንስሳ ብቻ ነው። በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት እናቴ ፈረስ ናት አለች ይባላል። 😄 ቀልዱን ትተን፣ የኛ ታሪክ የድንጉላ ታሪክ ነው። ንጉሥ ሚካኤል አባ ሻንቆ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ። ሁሉም በፈረሳቸው ስም ተጠሩ። የነዚያን ፈረሶች እናት ስም የሚነግርህ ታገኛለህ? እኔ አላገኘሁም። የወሎ ፈረሰኛ አድዋ ላይ ሲዘምት እነዚያን ሁሉ ፈረሶች የወለዱ ባዝራዎች ግን እዚሁ ደጋ ላይ ሣር እየጋጡ ነበር።

ጉራቻን በተመለከተ አታድርገው። እኔ ሳላውቅ እህትና ወንድም አስጠቅቼ የተወለደው ውርንጭላ የፊት እግሮቹ ወደ ውስጥ የገቡ ነበሩ። ምክንያቱ እሱ ይሁን አይሁን አልምልም፣ ግን አልደገምኩትም።

የኩታበሯ

እኔ ደግሞ አጎትህን ልደግፍ ነው፣ አትቀየሙኝ። አባቴ በበቅሎ ነው ያሳደገን። ባዝራ በልታ፣ ጠጥታ፣ 11 ወር አርግዛ የምትወልደው ውርንጭላ ወንድ ይሁን ሴት፣ ደህና ይሁን ፈሪ አታውቀውም። በቅሎ ግን ሰጋር ከወጣች ገዢው በር ላይ ነው። ልጆች ትምህርት ቤት የሚከፈልላቸው በጉግስ አይደለም።

ግን አንድ ነገር አባቴ ይል ነበር፤ "ለአህያ የምትሰጣት ባዝራ ምትክ ያላት ትሁን።" በቅሎ አትወልድም። ባዝራህን በቅሎ ባስወለድክ ቁጥር ያን ዓመት ዘሯን ዘግተሃል። አንተ ያለህ ሁለት ነው፣ አንዷ አሮጊት። ስለዚህ በኔ ሚዛን ዳሚቱ ሁለት ሴት እስክትወልድ ለፈረስ ትሁን። ከዚያ በኋላ አንዷን ለአህያ ስጥ፣ አጎትህም ደስ ይበለው።

ተሰዳጁ የወረኢሉ ልጅ

የፖሎውን ነገር እኔ ልመልስ፣ ሱሴ ነው። ለማያውቅ ሰው፣ ፖሎ ማለት ገናን በፈረስ ላይ መጫወት ነው በሉት። በአንድ ወገን 4 ተጫዋች፣ ረጅም ዱላ፣ ትንሽ ኳስ። አንዱ ዙር 7 ደቂቃ ገደማ ነው፣ ፈረሱ ስለሚደክም በየዙሩ ይቀየራል። ፈረሱ እየበረረ መቆም፣ ባለበት መዞር፣ ከሌላ ፈረስ ጋር ትከሻ ለትከሻ መጋፋት አለበት። ከጉግስ ብዙም አይርቅም።

እዚያ ሜዳ ላይ የሚበዙት ሴቶቹ ፈረሶች ናቸው። እኛ አገር ባዝራ ላይ ወጥተህ ጉግስ ብትገባ ይሳቅብሃል፣ አርጀንቲና ግን ምርጡ ተጫዋች የሚሳሳው ለባዝራው ነው። ውጤቱ ይገባችኋል። ሜዳ ላይ የተፈተነችው ራሷ እናት ናት። ስለዚህ "የእከሊት ልጅ" ሲባል በወሬ ሳይሆን በዓይን የታየ ነገር ነው። መነሻ ባዝራ የሚሉትም ይህንን ነው፤ ራሷ ጎበዝ፣ ሴት ልጆቿ ጎበዞች፣ የልጅ ልጆቿም እንደዚያው።

ትልቁ ምሳሌ ኳርቴቴራ የምትባለው የአርጀንቲናዊው ፖሎ ተጫዋች የአዶልፎ ካምቢያሶ ባዝራ ናት። ከሴሏ ወስደው ቅጂዎቿን አስወለዱ። እ.ኤ.አ. በ2016 በፓሌርሞው የአርጀንቲና ኦፕን ፍጻሜ ላይ ካምቢያሶ 6 ቅጂዎቿን እየቀያየረ ተጫውቶ ቡድኑ አሸነፈ። ስድስቱም አንዲት ባዝራ ናቸው ማለት ነው።

ቅጂ የማይሠሩትም ፅንስ ያዛውራሉ። ጎበዟ ባዝራ ትጠቃለች፣ ከሳምንት ገደማ በኋላ ፅንሱ ታጥቦ ይወጣና ሌላ ተራ ባዝራ ትሸከመዋለች። ጎበዟ መጫወቷን ትቀጥላለች። ለኛ ይሄ የሩቅ ሕልም ነው፣ ሐሳቡን ግን መውሰድ ይቻላል።

በእናት መቁጠርም የፖሎ ፈጠራ አይደለም። የአረብ በደዊኖች ኩሃይላን፣ ሳቅላዊ እያሉ የፈረስ ጎሳ ሲለዩ ውርንጭላው የሚጠራው በእናቱ ጎሳ ነው። በእንግሊዝ የእሽቅድምድም ፈረሶች ዘንድ ደግሞ ብሩስ ሎው የተባለ አውስትራሊያዊ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ለእናት ቤተሰቦች ቁጥር ሰጠ። 1ኛ፣ 2ኛ እያለ፣ ታላላቅ ውድድሮችን ባሸነፉ ልጆች ብዛት።

መምህሩ (ደሴ)

የለጋምቦ ልጅ፣ አንድ ደረቅ ጥያቄ ልጠይቅህ። ቦራ በጠቅላላ ስንት ወለደች? ስንቱ ጎበዝ ሆነ? ከበረት የተሸጡትን ብቻ ነው የነገርከን።

የለጋምቦ ልጅ

መምህር፣ ጥያቄህ አመመኝ። ማታ ከእናቴ ጋር ቁጭ ብለን ቆጠርን። 7 ወልዳለች። ሦስቱ በጣም ጎበዞች፣ አንዱ ጉራቻ ነው። አንዱ እህል ሲጭን ነው የኖረው፣ ፈሪ ነበር። አንዱ ሰው ይራገጣል ተብሎ ተሸጠ። አንዷ ገና ስትጠባ ሞተች። ሰባተኛዋ ዳሚቱ ናት። ሦስት ከሰባት። በወሬ ደረጃ ግን ሁሉም አንበሳ ነበሩ! 😅

ደግሞ ያልጻፍኩት ነገር ትዝ አለኝ። ዳሚቱን ስትወልድ የእንግዴ ልጁ ቶሎ አልወጣም። ማታ ወልዳ በማግስቱ ረፋድ ላይ ነው የወደቀው። ከዚያ በኋላ ነው መያዝ ያቃታት። ግንኙነት ይኖረው ይሆን?

ሐኪሙ (ኮምቦልቻ)

ይኖረዋል፣ እንዲያውም ዋናው ነገር እሱ ሳይሆን አይቀርም። ላም የእንግዴ ልጅ ቢቆይባት ትታገሣለች። ፈረስ አትታገሥም። በ3 ሰዓት ውስጥ ካልወጣ ሐኪም የሚጠራበት ጉዳይ ነው። ሲቆይ ማሕፀኗ ይመረቅዛል፣ የሰኮናዋም ውስጥ ሊቆጣ ይችላል። ቦራ በሕይወት መትረፏ ዕድለኛ ነህ። 14 ዓመት ለባዝራ እርጅና አይደለም፣ የመያዝ ዕድሏ በግልጽ የሚቀንሰው ከ15 በኋላ ነው። ስለዚህ ሦስተኛ ጊዜ ከማስጠቃትህ በፊት ወረዳህ ያለው ሐኪም ማሕፀኗን ይመርምር። ቁስለት ካለ ታክሞ ነው የሚሻለው፣ ድንጉላ መቀያየር አይፈታውም። በእጅ ሰፍሮ የሚቀባ "የሀገር መድኃኒት" እንዳታስገባባት፣ እባክህ።

ምናልባት የጊዜ ጉዳይም አለ። ባዝራ በየ21 ቀኑ ትመለሳለች፣ ድንጉላ የምትፈልገው ከ5 እስከ 7 ቀን ነው። እንቁላሉ የሚወርደው ግን በመጨረሻዎቹ አንድ ሁለት ቀናት ነው። አብዛኛው ሰው በመጀመሪያው ቀን አስጠቅቶ ይሄዳል። ጅራቷን ስታነሳና ቶሎ ቶሎ ስትሸና ካየህ ከ2ኛው ቀን ጀምረህ በየሁለት ቀኑ አስጠቃት፣ እምቢ እስክትል ድረስ።

አሁን ስለ ዘር። ደስ የሚለውን ሁሉ ብላችኋል፣ እኔ ትንሽ ውሃ ልጨምርበት። ዳሚቱ ከቦራ ያላት ግማሽ ነው። የዳሚቱ ልጅ ሩብ ይኖረዋል፣ ቀጥሎ 12.5 በመቶ። አያትህ ያኖሯት ባዝራ በየትውልዱ በግማሽ እየሳሳች ነው የመጣችው። በየመሃሉ የገባው ድንጉላ ተራ ከሆነ በእጅህ የቀረው ስሟ ነው። ያ የሎው ቁጥርም ኋላ ላይ ፋሽኑ አለፈ፣ የአንዳንዶቹ መዝገብም በዘረመል ሲመረመር ስህተት ተገኘበት።

ግን እናት ከአባት የምትበልጥበት ነገር አለ። ማይቶኮንድሪያ የሚባለው የሴሉ ኃይል ማመንጫ ዘረመል ሳይቀነስ ከእናት ብቻ ይተላለፋል። ማሕፀኗም ራሱ ይቆጠራል። እ.ኤ.አ. በ1938 ዎልተንና ሃሞንድ ግዙፉን ሻየርና ድንክዬውን ሼትላንድ ፈረስ አዳቀሉ። ዘሩ ያው ግማሽ በግማሽ ሆኖ ሳለ ከግዙፏ እናት የተወለደው ውርንጭላ ከድንክዋ ከተወለደው 3 እጥፍ ገደማ ይከብድ ነበር። ከዚያ ወተቱ አለ። ከዚያ ደግሞ ውርንጭላው ስድስት ወር ያህል እናቱን ነው የሚያየው፣ እሷ ከጥሩንባ ካልሸሸች እሱም አይሸሽም። ቤታችሁ ያቆየው ይህንን ሊሆን ይችላል።

ጉራቻን ተወው። በእናት አንድ የሆኑ ሲጠቁ ውርንጭላው ላይ የሚመጣው የዘር መደራረብ 12.5 በመቶ ነው። ፖሎ አርቢዎችም ዘር ያቀራርባሉ፣ ግን ብዙ ውርንጭላ ስላላቸው የከፋውን ይጥላሉ። አንተ ያለህ አንዲት ዳሚቱ ናት።

ከውጭ ድንጉላ ስታመጣ ብልቱን እይ። እብጠት፣ ፈሳሽ፣ ቆዳው ላይ እንደ ሳንቲም የተነፋ ክብ ካለበት ራቅ። ዶሪን የሚባል በመጠቃቃት የሚተላለፍ በሽታ አለ፣ በአርሲና በባሌ ደጋ በደንብ ይታወቃል። ሁለቱንም ባዝራ ሳይከብዱ በፊት ለአፍሪካ ፈረስ በሽታ አስከትብ፣ ክትባቱ ቢሾፍቱ ይመረታል። በሽታው በትንኝ ነው የሚመጣው፣ ዝናቡ ሲያበቃ። ሁለት ባዝራ ያለው ሰው በአንድ ሳምንት ዜሮ ሊሆን ይችላል።

ደላንታ

ዶክተር፣ አላህ ይስጥልን። ወሩንስ? እኛ ለመስከረም ሣር ይድረስ ብለን ጥቅምት መባቻ ላይ እናስጠቃለን።

ሐኪሙ (ኮምቦልቻ)

እርግዝናው 340 ቀን ገደማ ነው። ጥቅምት 1 ከያዘች መስከረም 6 አካባቢ ትወልዳለች። ለናንተ ብርዳም አገር ጊዜው ደህና ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ የሚወለድ ውርንጭላ ጭቃና በረዶ ላይ ነው የሚወድቀው። በ1 ሰዓት ውስጥ ካልቆመ፣ በ2 ሰዓት ውስጥ እንገሩን ካልጠባ አትተኙ።

መምህሩ (ደሴ)

የለጋምቦ ልጅ፣ ደብተር ግዛ። ባለ 50 ሉክ ይበቃል። ለእያንዳንዷ ባዝራ አንድ ገጽ። ቀለሟ፣ ምልክቷ፣ የተወለደችበት ቀን፣ እናቷ፣ አባቷ፣ የወለደችው ሁሉ። የሞተውም፣ ፈሪውም ይጻፍ። ጎበዙን ብቻ ከጻፍክ ያው ወሬ ነው።

የኩታበሯ

የተጠቃችበትንም ቀን። ባሌ "ባለፈው ወር ነው" እያለ ሌሊት ሙሉ በረት አስተኝቶኛል።

የለጋምቦ ልጅ

እግዜርም አላህም ይስጥልኝ። ለአጎቴ የእትዬን ሐሳብ ነገርኩት፣ "ሁለት ሴት ድረስ" አልኩት። አጉረመረመ፣ ግን ዝም አለ። ለቦራ ማክሰኞ ሐኪም ይዤ እመጣለሁ፣ ዳሚቱን ደግሞ ለጥቅምት። ከጉጉፍቱ በኩል አንድ ዳማ ድንጉላ አለ፣ እናቱን ሄጄ ካላየሁ አልስማማም ብያለሁ። ባለቤቱ ሳቀብኝ።

ደብተሩን ዛሬ ጀመርኩ። ዳሚቱ፣ እናቷ ቦራ። ቦራ፣ እናቷ ዳልቻ። የዳልቻን እናት፣ አያቴ መጀመሪያ የገዟትን፣ ስሟን ማን ይወቀው? እናቴ ታስታውሳለች ብዬ ጠየቅኳት። "የሸህዬ ባዝራ ነበር የምንላት" አለችኝ። ከማን እንደተገዛች ነው እንጂ የራሷ ስም የለም።

መምህሩ (ደሴ)

እሱኑ ጻፈው። የሸህዬ ባዝራ፣ ቁጥር 1።